ጥላሸት ያልነካው የግድግዳ ቁራጭ

እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ እንዳለች፣ የኮልም ብሮስናሃን የወንዝ ዳር ጎጆ ተቃጠለች። እኔ ስደርስ የጣሪያው ግማሽ ወርዷል። የኮልም ሚስት ኖሊን ሣር ላይ በጎኗ ተኝታ ትስላለች። አጠገቧ ጎረቤቷ ታቪታ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦ፣ ሁለት እጆቹን የሰው አደራ እንደተቀበለ ሰው ከፊቱ ዘርግቶ ይዟል። እጆቹ እስከ ክርናቸው ተቃጥለዋል። ኖሊንን ተሸክሞ ያወጣት እሱ ነው።

ስሜ ኔቪል ነው። በኒው ዚላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሚሮ በምትባል የወንዝ አፍ መንደር ብቸኛው ፖሊስ ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ የጠፋ ውሻ መፈለግና ሞቅ ያለውን ወዳጄን ቤቱ ማድረስ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ነገር የሚከረው ጸደይ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ክር የሚያካክሉ ዓሦች ከባሕር ወደ ወንዙ ይወጣሉ፤ ሰዉም መረቡን ይዞ ዳር ዳሩን ይሰለፋል፤ ወንድም ከወንድሙ በአንድ ክንድ ቦታ ይጣላል።

ኮልምና ታቪታም ቅዳሜ ዕለት የተጣሉት በዚሁ ነው። የታቪታ መረብ ወደ ኮልም መቆሚያ ተጠግቷል አልተጠጋም በሚል ነገር ጀመሩ፤ ሲመሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ቀጠሉት። በመጨረሻ ታቪታ ሃያ ሰው እየሰማ «ጎጆህን ከነመረብህ እሳት ይብላት» አለው። በማግስቱ እሳት በላት።

በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎቻችን ቶሎ ስለደረሱ የመኝታ ክፍሉ ግድግዳዎች ቆመው ቀርተዋል። እኔ አምቡላንሱን ተከትዬ ግሬይማውዝ ሆስፒታል ደርሼ ስመለስ ቀኑ መሸትሸት ብሏል። ጎጆዋን ስዞር ከጀርባዋ ቀይ የቤንዚን ጀሪካን አገኘሁ። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የታቪታ ስም ተጽፏል። ቆሜ ብዙ አየሁት። ታቪታ ጓደኛዬ ነው። ግን ፖሊስ ነኝና ስልኬን አውጥቼ ግሬይማውዝ ደወልኩ።

ሰኞ ጠዋት የመጣችልኝ መርማሪ አሪሂያ ትባላለች። አጠር ያለች፣ የጎማ ቦት የተጫማች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የተወለደች ሴት ናት። መኪናዋ ውስጥ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ እየበላች ነው የደረሰችው፤ ግማሹን እኔ እንድይዝላት ሰጥታኝ ወረደች። ስለ ጠቡና ስለ ጀሪካኑ ልነግራት ስጀምር እጇን አነሳች።

«መጀመሪያ ቤቱ ይንገረኝ፤ ቀጥሎ አንተ» አለች።

ከክሪስቸርች የሚጠበቀው የእሳት መርማሪ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦበት እስከ ሐሙስ አይደርስም። ስለዚህ ሥራው በእሷ ዓይን ላይ ወደቀ። ጀሪካኑን በጓንት አንስታ ከሥሩ ያለውን ሣር ነካካች፤ ጣቷን ተመለከተች፤ ፎቶ አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ፓይዋን ይዤ ተከተልኳት።

ከሁሉ የከፋ የተቃጠለው አልጋው ነው። ከፍራሹ ሽቦዎች መሃል ጣት የሚያህል የብረት ቱቦ ተገኘ፤ አንድ ጎኑ እንደ አበባ ተከፍቷል። የኖሊን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው። አርባ አምስት ዓመት ካጨሰችው ትንባሆ በዚህ መላቀቅ ከጀመረች አምስተኛ ወሯ ነበር። ከቱቦው የቀጠለው ኬብል ቀልጦ ተቆራርጧል። ግድግዳው ሶኬት ላይ ግን ትንሽ ጥቁር የቻርጀር ራስ፣ ጥላሸት የተቀባ፣ እንደተሰካ ነው። አሪሂያ ፎቶ አነሳችውና በቦታው ተወችው።

ኮልምን ያገኘነው ወንዙ ዳር፣ መረቡ አጠገብ ነው። መረቡን ውሃ ውስጥ አልጨመረውም፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ከሆስፒታል ሌሊቱን እንዳስወጡትና እስከ ከሰዓት በኋላ እንዳይመጣ እንደነገሩት ነገረን። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት የማዕድን ማውጫ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አሪሂያ ሲጋራው በምን ይሞላ እንደነበር ስትጠይቀው፣ ክብሩ የተነካ ሰው ሆነ።

«እኔ በማይረባ ዕቃ ሚስቴን የምገድል ይመስልሻል?» አላት። «ገና ሲጋራዋን ስትገዛ ወረቀቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አምስት ቮልት፣ አንድ አምፔር ይላል። እሺ። ደህና ስልክ የሚበቃውን ያህል ጠጥቶ ያቆማል፤ ይቺ ርካሽ ሲጋራ ግን የሰጧትን ሁሉ ትውጣለች። ስለዚህ አምስት ቮልት፣ ከአንድ አምፔር የማይበልጥ ፈለግኩላት። የደህንነት ምልክቱን ከነቁጥሩ አየሁ። ከዚያ ጥርሶቹን አየሁ።»

«የምን ጥርስ?»

«ሶኬት ውስጥ የሚገቡትን ሁለቱን ብረቶች። ደህናው ሲሠራ ግማሹ ድረስ ጥቁር ፕላስቲክ ይለብሳል፤ አጋድመሽ ስትነቅይው ጣትሽ ብረቱን እንዳያገኘው። አስመሳዩ ለዚያ አይጨነቅም፤ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል። በእጄም መዘንኩት። ባዶ የክብሪት ሣጥን የሚመስል ነገር ግድግዳዬ ላይ አልሰካም።»

አሪሂያ ፎቶውን አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ አየና «ይቺው ናት» አለ። «እኔ የገዛኋት ናት። ይቺ ቤት አታቃጥልም። ቤቴን ያቃጠለው ሰው ነው፤ ስሙንም ኔቪል ያውቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ታቪታ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም።

ሆስፒታል ውስጥ የታቪታ ሁለት እጆች በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ፎቱ ፀጉሩን ታበጥርለታለች። አሪሂያ ስትገባ እጅ መጨበጥ ስላልቻለ ይቅርታ ጠየቃት። ስለ ዛቻው ስትጠይቀው አልካደም።

«ብያለሁ። አምና ደግሞ አዞ ይብላህ ብዬው ነበር፤ እዚህ ወንዝ ውስጥ አዞ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ኮልም በየጸደዩ እንዲህ ነን። ክረምት ላይ እንጨት የምፈልጥለት እኔ ነኝ።»

ያየውንም ነገረን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከመኪናው ሲወርድ እንደ ጥይት ያለ ጩኸት ሰማ፤ ቀጥሎ ጭስ አየ። በር ነው መስኮት ነው ሳይል ዘሎ ገባ። ኖሊን ከአልጋው ወርዳ ወለል ላይ ነበረች። ጀሪካኑ ግን በጀልባው ውስጥ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቅዳሜ ማታ ራሱ አስገብቶታል። ከጎጆዋ ጀርባ ተገኘ ስንለው መጀመሪያ የምንቀልድ መሰለው፤ ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ ፋሻውን ማየት ጀመረ።

ከቤተ ክርስቲያን የወጣበትን ሰዓት ፓስተሩ አረጋገጡልን፤ ግን ከዚያ እስከ ቤቱ ድረስ ሃያ ደቂቃ የሚሆን ማንም ያላየው ጊዜ አለ። አሪሂያ ይህን ጻፈች። ከዚያ ነርሷን የታቪታን ልብስ አስመጥታ፣ ከረጢቱን ከፍታ አፍንጫዋን ከተተች። ለእኔም ሰጠችኝ። ጭስ ይሸታል፣ ላብ ይሸታል፤ ቤንዚን ግን የለበትም።

ኖሊን ጭሱ ጉሮሮዋን ስለጎዳው በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ሲጋራውን ሰክታ፣ አልጋው ላይ አስቀምጣ ሸለብ እንዳደረጋት ነገረችን። አሪሂያ አጎንብሳ «እማማ፣ የትኛው የቻርጀር ራስ ላይ ነበር የሰካሽው?» አለቻት።

«ኮልም የገዛልኝ ላይ» አለች ኖሊን። ይህን ስትል ግን ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሸሸ። ኮልም ከሰዓት በኋላ ይመጣ እንደሆን ጠየቀችን።

ልጃቸው ብሪጂት የምትኖረው እዚያው ግሬይማውዝ ነው። ወላጆቿ ጎጆዋን ሸጠው ከተማ እንዲገቡ ዓመታት ስትወተውት እንደኖረች ሚሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላም የአባቷን ልብስ ለማውጣት ብላ ጎጆዋ ድረስ ሄዳ ነበር። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሻይ እየቀዳችልን ሳለ አሪሂያ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ከማንቆርቆሪያው ጎን፣ ሶኬቱ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር የቻርጀር ራስ ተሰክቷል። ጎጆዋ ውስጥ ካለው ጋር መንትያ ነው።

እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። አሪሂያ ግን እንደ ተራ ነገር ጠየቀቻት። ብሪጂት የእናቷ እንደሆነ ነገረችን። ኖሊን ከሁለት ሳምንት በፊት መጥታ አድራ ስትመለስ ረስታው ሄዳለች፤ ብሪጂት ደውላ ልላከው ብትላት «ተይው፤ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው» ብላታለች። ኮልም ስለዚያች ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሯት ስለነበር፣ ጣልኳት ማለት አፍራ ነው።

መኪና ውስጥ ስንገባ አሪሂያ ቁልፉን ሳታዞር ወደ እኔ ዞረች።

«ኖሊን ያንን ከረሳችው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጋራዋን በምን ሞላች?» አለች። «ኮልም የገዛው እዚህ ካለ ደግሞ፣ እዚያ የተሰካው የማን ነው?»

ብሪጂት ገዝታ ተክታው ይሆናል አልኩ። ጎጆዋን ለማሸጥ ብላ እሳት አስነስታ፣ ከዚያ ዱካ ለማጥፋት። አሪሂያ አዳመጠችኝ። «እናቷ ውስጥ ተኝታ እያለች?» ስትለኝ የተናገርኩት ራሴን አሳፈረኝ።

ጎጆዋ ስንመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አሪሂያ ጥቁሩን ራስ ነቅላ በመዳፏ ያዘችውና ከግድግዳው ፊት ተንበረከከች።

«ና እየው» አለችኝ።

ግድግዳው በሙሉ በጥላሸት ጠቁሯል። ሶኬቱ ላይ ግን ጥላሸት ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን አለ፤ የመጫወቻ ካርታ ግማሽ የሚያህል። እሳቱ ሲነድ ያን ቦታ የሸፈነ ነገር ነበር ማለት ነው። ጥቁሩን ራስ ከላዩ አስጠጋችው። የአራት ማዕዘኑን ሲሶ እንኳን አልሸፈነም። ከሶኬቱ ቀዳዳ አፍ ላይም የደረቀች የፕላስቲክ ጠብታ አሳየችኝ። ነጭ ናት።

«ከእሳቱ በኋላ አንድ ሰው ነጩንና ትልቁን ነቅሎ ትንሹን ጥቁር ሰካ። ፊቱን ጥላሸት ቀባው፤ ጀርባውን ረሳው።» ገልብጣ አሳየችኝ፤ ጀርባው ዛሬ ከካርቶን የወጣ ይመስላል። «ጀሪካኑም እንደዚያው ነው። ሥሩ ያለው ሣር ላይ አመድ አለ። ጀሪካኑ ከእሳቱ በፊት እዚያ ከነበረ አመዱ እንዴት ከሥሩ ገባ?»

ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

«እሳቱ ከጠፋ በኋላ እዚህ የገባው ማን ነው?»

ኮልም አልኳት፤ ሰነዶቹን ሊያወጣ። ብሪጂት፤ ከአባቷ ጋር። ሦስተኛ ሰውም ነበር። ወደ ሆስፒታል ስሄድ ቦታውን እንዲጠብቅልኝ ያቆምኩት እሳት አጥፊ ዋሪክ ታሎክ ነበር። የመንደሩ ባለሱቅ ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጀልባ ላይ ነን።

«ዋሪክን ተዪው» አልኳት።

«ታቪታም ጓደኛህ ነው። ሁሉንም ከተውኩ እሳቱን ማን ልበለው፣ ኔቪል?»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ፓይዋን የት እንዳደረግኩባት ጠየቀችኝና፣ በልቼዋለሁ ስላት ስቃ ሄደች።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሮዊና ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተሰክቷል። ውሃ ልጠጣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ብርጭቆው ሞልቶ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ። ሶኬቱ ላይ የተሰካው ነጭ ነው። ትልቅ ነው። አራት ማዕዘን ነው።

ነቀልኩት። ይተኩሳል። ከእጄ ክብደቱ አይሰማም፤ ባዶ የክብሪት ሣጥን። ብረቶቹ ከሥር እስከ ጫፍ ራቁታቸውን ናቸው።

«ይህን የት ገዛሽው?» አልኳት።

«ዋሪክ ዘንድ ነዋ። መንደሩ ሙሉ ነው የገዛው፤ ርካሽ ነው። ምን ሆንክ፣ ፊትህ ልክ አይደለም።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የራሴ ግድግዳ ላይ የተሰካውን ነገር ለማየት ከሌላ ከተማ መርማሪ መምጣት ነበረባት። ለሮዊና ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ እራቱም ዘገየ።

ማክሰኞ ጠዋት ያን ነጭ ራስ ይዘን ኮልም ወዳደረበት ጎረቤት ቤት ሄድን። የት እንደተገኘ አልነገርነውም። ገና በእጁ ሲይዘው ከንፈሩን ጠመዘዘ። ከመኪናው የመለኪያ መሣሪያውን አምጥቶ ሰካው፤ ሽቦዎቹን አስነካ፤ ቁጥሩን አየ፤ ነቅሎ ደግሞ ሰካው።

«ላዩ ላይ አምስት ይላል። የሚሰጠው ዘጠኝ ነው፤ አሁን ደግሞ አሥር። ይህን ሲጋራዋ ላይ ብትሰኪው ባትሪው ይፈነዳል። የማን ነው?»

አሪሂያ ቀስ ብላ፣ ጎጆው ውስጥ የነበረው እንዲህ ዓይነት እንደሆነ፣ እሱ የገዛው ጥቁር ራስ ብሪጂት ቤት እንዳለ፣ ኖሊንም እንዳይቆጣት ፈርታ ዝም እንዳለች ነገረችው። ሽማግሌው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። 

«እኔን ፈርታ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ታቪታን የሰደብኩት ሁሉ ሰው ሰምቷል፣ አይደል?»

ሰምቷል አልኩት።

አሪሂያ ሆስፒታል ደወለች። ኖሊን አሁን አልካደችም። ሐሙስ አመንትታ፣ ዓርብ አስባ፣ ቅዳሜ ዋሪክ ሱቅ ገብታ ነጩን እንደገዛችና፣ ጥቁሩ እንዳለ ስትጠይቀው «ይሄም ያው ነው» እንዳላት ተናገረች። ከዚያ በፊት በመኪናዋ ውስጥ ነበር የምትሞላው። እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰካችው።

ሱቁ የደረስነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሪሂያን ዋሪክ አያውቃትም። እኔ ከውጭ፣ ከጋዜጣው መደርደሪያ ጀርባ እንድቆም ነገረችኝ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሲጋራ እንደጀመረና የቻርጀር ራስ እንደምትፈልግለት ነገረችው። ዋሪክ ጥሩ ሻጭ ነው፤ ሁልጊዜም ነበር። የሲጋራው ወረቀት ስንት አምፔር እንደሚል ጠየቃት። አላውቅም ስትለው፣ ሳያውቁ መግዛት እንደማይገባ መከራት። አንድ አምፔር ያለውን ብትወስድ እንደሚሻል፣ ምልክቱን እንድታይ፣ አልጋ ላይ አስቀምጦ እንዳይተኛ፣ ሲሞላም ወዲያው እንዲነቅለው ነገራት። ከባንኮኒው ሥር አንድ ትንሽ ጥቁር አውጥቶ ሰጣት።

«ነጭ ርካሽ አላችሁ ብለውኝ ነበር» አለች አሪሂያ።

«አልቋል።»

«መቼ አለቀ?»

ባንኮኒውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እሷ ጥቁሩን ገልብጣ ጥርሶቹን አየች።

«ይህን ሁሉ ማወቅህን ነው ልሰማ የመጣሁት» አለችው። «ነጩ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ለኖሊን ቅዳሜ ስትሸጥላት ይህን ምክር ለምን አልሰጠሃትም?»

ያኔ ነው እኔ የገባሁት። ዋሪክ ሲያየኝ የሚናገረውን ሁሉ ለእኔ ተናገረ፤ እሷ የሌለች ይመስል። ነጮቹን ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ ካርቶን ሙሉ ነበር የገዛቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ደንበኛ ስልኳን እንዳቃጠለባት ነግራ መልሳለታለች። ያኔ ከመደርደሪያው ሊያወርዳቸው አስቦ ነበር፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ ይለቅ ብሎ ተወው። እሑድ እሳቱን አጥፍተው መኝታ ክፍሉን ሲያይ የገዛ ዕቃው ግድግዳው ላይ ቀልጦ አፈጠጠበት።

«ኖሊን የምትሞት መስሎኝ ነበር፣ ኔቪል። አንተ ጠብቅልኝ ብለህ ሄድክ። ብቻዬን ቀረሁ። ሱቁ ደግሞ አራት ደቂቃ ነው። ኮልም ከኔ የገዛትን አውቃታለሁ፤ ያቺን አምጥቼ ሰካሁ።»

«ጀሪካኑንስ?» አልኩት።

ከታቪታ ጀልባ እንዳነሳው ነገረኝ።

«ታቪታ ሲዝት ሁሉም ሰምቷል። ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ አልመሰለኝም።»

«እጁን አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለና አለቀሰ። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ድምፅ ሳያወጣ።  ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከሻውን እይዘው ነበር። አልያዝኩትም። አሪሂያ መብቱን አነበበችለት፤ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝና፣ ማንም ሳይነካው ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት በኋላውን ከእሳት አጥፊዎቹ ጋር ሆነን ከቤት ቤት ዞርን። ነጩን ራስ የገዛ ሁሉ እንዲያስረክብ ነገርን። ሰዉ መጀመሪያ ተደናገጠ፣ ቀጥሎ ቀልዱን ያዘው። አንዷ ባልቴት የጆሮ መስሚያዬንም ውሰዱልኝ፣ ምንም አይሰማበትም አለችን። ከአንዱ ቤት ኬክ፣ ከሌላው ገና ከወንዝ የወጡ ጥቃቅን ዓሦች በእንቁላል ተጠብሰው ቀረቡልን። ትምህርት ቤቱ ብቻውን አምስት ነጭ ራስ አወጣ። አንዱ ሕፃናቱ ከሚተኙበት ምንጣፍ አጠገብ ነበር።  ነቀልኩት፤ ባልዲዬ ውስጥ ጣልኩት፤ ቀጣዩን ቤት አንኳኳሁ። በአሥራ ስድስት የሥራ ዓመቴ ውስጥ እንደዚያ ከሰዓት ሥራዬን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ ለታቪታ ስሙ እንደጠራ ልነግረው ሆስፒታል ሄድኩ። ፎቱ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ልገባ ስል ክንዴን ይዛ «ትንሽ ቆይ» አለችኝ። በበሩ መስታወት አየሁ።

ኮልም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ፎቱ ያመጣችው በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን አለ። በማንኪያ ይቆርሳል፣ እፍ ይላል፣ ወደ ታቪታ አፍ ያደርሳል።  ኮልም ይቅርታ የሚባለውን ቃል በሰባ አንድ ዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፉ ሲያወጣ የሰማሁት የለም፤ ያን ቀንም አላወጣውም። ማንኪያው ግን አልቆመም።

ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ታቪታ አላምጦ ዋጠና «ቀስ በል እንጂ» አለው። «እንደ ሞተር ነው የምትሞላኝ።»

«ክፈት» አለ ኮልም።

ታቪታ አፉን ከፈተ።